የባንዲራው አንቀጽ

የወለተጊዮርጊስ ልጅ ሊዮል ሁለት ባንዲራ ደርቦ ያቃጠለው ቅዳሜ ዕለት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ዓለምጌጥ ሱቋን ስትከፍት ዳላስ አጠገብ ያለችው የዩለስ ከተማ ሐበሻ ሁሉ ቪዲዮውን አይቶ ጨርሶ ነበር። አይቶ ብቻ ቢተው ደግ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ፣ በሾፌሮቹ ግሩፕ፣ በሴቶቹ ግሩፕ እየዞረ ያላየውም እንዳየ ሆኖ ይሳደብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳላስ መሀል ከተማ የሰላም ሰልፍ ተጠርቶ ነበር፣ የአገር ቤቱ ጦርነት ይብቃ ለማለት። ልሙጡን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የያዙትና መሀሉ ላይ ኮከብ ያለበትን የያዙት ግን ሰልፉ ገና ሳይነቃነቅ ከፊት የሚቆመው የማን ባንዲራ ነው በሚል ተያያዙ። ስለ ሰላም የወጣ ሰው በሰላም መሰለፍ አቃተው። ሊዮል መሀላቸው ቆሞ ያይ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፤ ከሰላምታ በላይ ሲናገር የሰማው የለም። እዚያው ጥግ ባንዲራ ከሚሸጥ ሰውዬ ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ ገዛ፣ አስፋልቱ ላይ አነጠፋቸው፣ በላይተር ለኮሳቸው። «ወንድሜን የገደላችሁት በዚህ ነው! በሁለቱም!» እያለ ይጮህ ነበር። ፖሊስተር ደግሞ እንደ ጥጥ አይነድም፤ ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ ከአስፋልት ጋር ይጣበቃል። አንድ ፖሊስ መጥቶ የተጎዳ ሰው መኖሩን ጠየቀ፣ የሚጠጣውን የጠርሙስ ውኃ አፈሰሰበትና ሄደ።

ዓለምጌጥም ቪዲዮውን አይታለች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ማስተካከያ ሱቅ አላት፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ዩኒፎርም ስታሳጥርና ዚፕ ስትቀይር ትውላለች። ባንዲራ ትወዳለች። ልጁን በዚያች ሰዓት አጠገቧ ብታገኘው በጥፊ ትለው ነበር፣ ይህንንም ለጠየቃት ሁሉ ተናግራለች። ግን ልጁ የባልንጀራዋ ልጅ ነው። በአምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር በዲቪ ሲመጣ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ሱሪውን ያሳጠረችለት እሷ ናት።

ከረፋዱ ላይ ጋሽ ታፈሰ ገቡ። የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ እሷ ደግሞ ጸሐፊ። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ ዐሥር ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ያስይዟታል። ጋሽ ታፈሰ እንደ ወትሯቸው ስለ ልጆቿ አልጠየቁም፤ የደንበኛ ወንበር ስበው ተቀመጡና አንድ የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ።

«ዓለምጌጥ፣ ይህን በደንብ አድርገሽ ገልብጪልኝ። እሑድ አስቸኳይ ጉባኤ ጠርቻለሁ።»

አነበበችው። «አንቀጽ ዐሥራ አራት። ሰንደቅ ዓላማ ያቃጠለ፣ የቀደደ፣ የቆረጠ ወይም የረገጠ አባል ወይም የአባል ልጅ ከነቤተሰቡ ከእድሩ ይሰናበታል» ይላል።

«ጋሼ» አለች፣ «ወለተጊዮርጊስ እኮ ሆስፒስ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ከነቤተሰቡ ሲሉ እሷንም አይደል?»

«ልጁ የተመዘገበው በእሷ ስም ነው። ደንብ ሲወጣ ፊት እያየ አይወጣም።»

ሐኪሞቹ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ወለተጊዮርጊስን ወደ ቤቷ መልሰዋታል፤ አንዲት ነርስ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ሕመሟን ታስታግስላታለች እንጂ ሕክምና የሚባል ነገር ቀርቷል። ወሩን ትጨርሳለች ያለ አልነበረም። ከእድር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ቴክሳስ ውስጥ መቃብሩን የሚቆፍረው ማሽን ነው፣ ሳጥኑም በስልክ ይታዘዛል። ድንኳን የሚጥል፣ ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጥ፣ ሳጥኑን ከመኪና ተቀብሎ የሚሸከም ሰው ግን በስልክ አይታዘዝም። «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ የሚጸልይ ሕዝብ ነው፤ እድሩ የጸሎቱ መልስ ነው።

ዓለምጌጥ ሌላም የከነከናት ነገር ነበር። «የቆረጠ» የሚለው ቃል።

የእድሩን የሬሳ ሳጥን ባንዲራ የሰፋችው እሷ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ወር ሁለት አባላት ሞቱ፤ የአንዱ ቤተሰብ ልሙጥ፣ የሌላው ባለ ኮከብ ይልበስ አለ፣ ስብሰባው በጠብ ተበተነ። ዓለምጌጥ ማንንም ሳትጠይቅ ሁለቱንም ገዛች፣ ጠርዝ ጠርዛቸውን በመቀስ አስተካክላ ጀርባ ለጀርባ ሰፋቻቸው። ከዚያ ወዲህ ባንዲራው እንደ ሟቹ ቤተሰብ ይገለበጣል። በየቀብሩ ቀድማ እየደረሰች አልብሳ፣ በመጨረሻ ራሷ እያጠፈች ትወስደዋለች። ይህን የምታውቅ ከእሷ ሌላ ወለተጊዮርጊስ ብቻ ናት፤ ስትሰፋ ጨርቁን ወጥራ የያዘችላት እሷ ነበረች። ከላይ የወደዱትን ኮከብ ለብሰው የሄዱ ሰዎች ከሥር የጠሉት ልሙጥ ደረታቸው ላይ ነበር፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ይህ ቢወጣ ዓለምጌጥ ዩለስ ውስጥ መግቢያ አይኖራትም።

ስለዚህ ዝም ብላ ገለበጠችው። በሚያምረው ጽሑፏ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድሳ ሦስት ሰው በአንድ አፓርትመንት የጋራ አዳራሽ፣ ክለብ ሀውስ በሚሉት፣ ተሰበሰበ። ጋሽ ታፈሰ ቆመው ረቂቁን አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው በራሳቸው ቃል ተናገሩ።

«እኔ ሱዳን የገባሁት በእግሬ ነው» አሉ። «ሸሚዜ ውስጥ ባንዲራ ጠቅልዬ። ካምፕ ውስጥ ሰው ሲሞት መገነዣ የለ፣ ሳጥን የለ፤ ያቺን ጨርቅ እናለብሰዋለን፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ መልሰን እንወስዳለን፤ ለሚቀጥለው ሟች። አርባ ሰው በአንዲት ባንዲራ ቀብረናል። ይህን እድር ስናቋቁም ያንን አስቤ ነው። አሁን አንድ ልጅ ያንን ነገር መንገድ ላይ አንጥፎ ሲያቀልጠው ዝም ካልኩ፣ እነዚያ አርባዎቹ ምን ይሉኛል?»

የዓለምጌጥ ዓይን እንባ አቀረረ። እውነታቸውን ነው፣ ምን ይባላል።

ገመቹ እጁን አወጣ። የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ስብሰባ ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው። «ጋሽ ታፈሰ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው» አለ። «ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰንደቅ ዓላማ ሲባል የትኛው ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ሄደ። ልሙጡ ነው ያለ አለ። ልሙጡ በአገር ቤት ሕግ የተከለከለ ነው፣ ሕጋዊው ባለ ኮከቡ ነው ያለ አለ። አንበሳውስ ያለም አልጠፋ። ኮከቡን ከመሀል ቆርጦ ያወጣ ሰው ባንዲራ አበላሸ ወይስ ባንዲራ አጸዳ? የዚህ ጥያቄ መልስ እንደ መልሱ ሰጪ ነበር። በመጨረሻ «ዓርማ ኖረውም አልኖረው፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀለም በተርታ ያለው ማናቸውም ነገር» ተብሎ ይጻፍ ተባለ፤ ዓለምጌጥም ጻፈች።

«ማናቸውም ነገር ከተባለ» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ባለፈው ሳምንት ለእንቁጣጣሽ የቆረጥነው ኬክስ?»

ሳቅ ሆነ። ኬኩ ላይ ባንዲራው ከዳር እስከ ዳር በክሬም ተሥሎ ነበር፤ ቢላዋ ይዘው የቆረጡት ደግሞ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው። ጋሽ ታፈሰ አልሳቁም። «ምግብን አይመለከትም የሚል ጨምሪ» አሉ። ተጨመረ።

ከዚያ የጋሽ ታፈሰ ልጅ ኤልዳና ተነሳች። አዲሰን ከተማ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አባቷ አምጥተዋት ነው፣ ሕጉን ታስረዳችሁ ብለው።

«ሶ፣ ኬዙ የጀመረው እዚሁ ዳላስ ነው» አለች። «ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ሰውዬ ሲቲ ሆል ፊት ለፊት የአሜሪካን ባንዲራ አቃጠለ። ቴክሳስ ከሰሰው፣ ተፈረደበት። ከዛ ሱፕሪም ኮርት ሄደ፤ እነሱ ደግሞ ይሄ ሐሳብ መግለጽ ነው፣ ባትወዱትም ልትቀጡት አትችሉም አሉ። አምስት ለአራት ነው ያሸነፈው፣ በአንድ ሰው። ማለቴ፣ ክርክሩ አላለቀም፤ አሁንም ዋሽንግተን ይከልከል የሚሉ አሉ።»

ዓለምጌጥ ብዕሯን አስቀመጠች። ቃለ ጉባኤ ያዥ አይጠይቅም፣ ግን ጠየቀች። «እንግዲያው እኛም አንችልም ማለት ነዋ?»

«ኖ፣ ያ ለገቨርመንት ነው። መንግሥት ነው መቅጣት የማይችለው። እድር ፕራይቬት ነው። ፕራይቬት ከሆነ የፈለገውን ሰው ማስወጣት ይችላል።» ጭብጨባ ተነሳ። ኤልዳና ግን አልተቀመጠችም፤ ወደ አባቷ ዞራ «ትችላላችሁ ነው ያልኩት፣ ዳዲ፤ አድርጉ አላልኩም» አለች። ያንን በጭብጨባው መሀል የሰማት ጥቂት ሰው ነው።

ገመቹ እንደገና ተነሳ። «እንግዲህ ዛሬ ባንዲራ ካልን ነገ ፎቶ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሊቀመንበሩን መናገር ነው። ሁላችንም ከዚያ ሸሽተን አይደል የመጣነው?»

«ይናገር!» አሉ ጋሽ ታፈሰ ጠረጴዛውን መትተው። «ማን ከለከለው? እኔንም ይስደበኝ፣ መንግሥትንም ይስደብ። አፍ አለው። እሳት ግን አፍ አይደለም።»

«ቢናገር ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?» አለ ገመቹ። «አራት ዓመት ሙሉ ወንድሙ ሞቶበት ሲኖር ማናችን ጠየቅነው? ያያችሁት እሳቱን ነው።»

ዓለምጌጥ ይህንንም ጻፈች። ያን ጊዜ መነሳት ነበረባት። እኔም ቆርጫለሁ፣ የሁላችሁንም ሙታን በቆረጥኩት ጨርቅ አልብሻለሁ፣ እኔን መጀመሪያ አስወጡኝ ማለት ነበረባት። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ፈራች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ዝምታ ግን እዚያው ተቀምጣ ሲነቅዝ ይታወቃት ነበር።

ሠላሳ ስምንት ለሃያ አምስት አለፈ። ጉባኤው ጨካኝ እንዳይባል አንድ ነገር ጨመረ፤ ሊዮል በሳምንት ጊዜ ውስጥ የይቅርታ ደብዳቤ ከፈረመ ቤተሰቡ አይነካም። ደብዳቤውን አርቅቆ የማስፈረሙ ሥራ ለማን እንደተሰጠ መቼም ይታወቃል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሄደች። የወለተጊዮርጊስ አፓርትመንት አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው የሚያልፉበት ሰፈር ነው። አልጋዋን ሳሎን አድርገውላታል። ፊቷ አንሶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ከግድግዳው ላይ የታዲዮስ ፎቶ አለ። ወለተጊዮርጊስ ዲቪ ሲደርሳት ትልቁ ልጇ ታዲዮስ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አባትየው አልሰጥም ብሎ አስቀረው፣ ወረቀቱ ሳያልቅ ልጁ አደገ፣ አደገና ጦርነቱ ወሰደው። በየትኛው ወገን ሆኖ እንደሞተ የጠየቋት ሰዎች ነበሩ። መልሳ አታውቅም።

ሊዮል ከሥራ ገባ፣ አንጸባራቂ ሰደርያውን እንደለበሰ። ዓለምጌጥ ወደ ወጥ ቤቱ ጠጋ አድርጋ ወረቀቱን ሰጠችው። የአማርኛ ፊደል ስለሚከብደው ራሷ ቀስ ብላ አነበበችለት። «በወጣትነት ስሜት ተገፋፍቼ የፈጸምኩት ድርጊት ፍጹም ስህተትና ክህደት መሆኑን አምኜ...»

«አላመንኩም ግን» አለ ሊዮል። ሳይቆጣ ነው። «ማለቴ፣ ኦኬ፣ ሰዎች አዝነዋል። ጋሽ ታፈሰ አዝነዋል። ሶሪ እላለሁ ለእሱ። ግን ክህደት አይደለም። እኔ ማንን ካድኩ?»

«እኔም ስህተት ነው ባይ ነኝ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። አንቺ ማመን ትችያለሽ።» ወረቀቱን አየ፣ ወደ ሳሎኑ አየ። «ካልፈረምኩ ማሚን አይቀብሯትም?»

ዓለምጌጥ መዋሸት አልቻለችም። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ፔን ስጪኝ።»

ሰጠችው። እፎይ አለች፣ እውነቱን ለመናገር። ይፈርምና ነገሩ ይለቅ፤ ባልንጀራዋ በወግ ትቀበር፤ ሌላው ሁሉ ለጤነኛ ሰው የሚሆን ጣጣ ነው። ብዕሩን እንኳ ክዳኑን ከፍታ ነው የሰጠችው።

«ምንድን ነው የሚፈርመው?» አለች ወለተጊዮርጊስ ከአልጋው።

«ምንም አይደል፣ ማሚ።»

«ዓለሜ፣ ምንድን ነው? ጆሮዬ አልሞተም እኮ። አንብቢልኝ።»

ማንበብ ግድ ሆነ። ወለተጊዮርጊስ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ውኃ ጠየቀች፣ ከንፈሯን አራሰች።

«ያንን ቪዲዮ አይቼ ሦስት ቀን አላናገርኩትም» አለች። «ነውር ነው። ዛሬም ነውር ነው እላለሁ፣ እሱም ያውቃል። ግን ታዲዮስ የሞተ ጊዜ ይህ ልጅ አላለቀሰም። እኔ ስጮህ እሱ ውኃ ያቀብለኛል። አራት ዓመት ውኃ ሲያቀብለኝ ኖረ። ያለቀሰው ያን ቀን ነው፣ አስፋልት ላይ። እናቱ ነኝ፣ ለቅሶውን አውቀዋለሁ። አሁን ያለቀስኩት ክህደት ነው ብሎ ይፈርም? ለእኔ ሬሳ ብሎ?»

«ታዲያ ማን ይቀብርሽ?» አለች ዓለምጌጥ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው። በሰው አልጋ አጠገብ እንዲህ አይባልም።

ወለተጊዮርጊስ ግን ሳቅ ብላ፣ «ያልተቀበረ ሬሳ የለም፣ ዓለሜ፤ ይሸታላ» አለች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «አልፈራሁም እንዳይመስልሽ። ፈርቻለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም። የእኔ ቀን ወንበሩ ባዶ ሲሆን ይታየኛል። ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማየው እንጂ ሞቱን አይደለም።»

አንድ አውሮፕላን አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቁት።

«ጻፊልኝ» አለች ወለተጊዮርጊስ።

«ምን?»

«መልቀቂያ። እኔ ከእድሩ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ፤ ልጄን ምንም ወረቀት እንዳታስፈርሙት ብለሽ ጻፊ። አባል ካልሆንኩ በእኔ አያስፈራሩትም።»

«ማሚ፣ ኖ!» አለ ሊዮል። «እፈርማለሁ አልኩ እኮ!»

«አንተ ዝም በል። ይህ የእኔ ጉዳይ ነው።» ከዚያ ወደ ዓለምጌጥ ዞረች። «በላዬም ያንን የሁለት ፊት ጨርቅሽን አታድርጊ። የትኛውን ፊት ብታደርጊው ሌላው ያስቀይመኛል። ነጠላዬ ይበቃኛል።»

ዓለምጌጥ ጻፈች። ስታለቅስ ስለነበር ጽሑፉ አላማረም። ወለተጊዮርጊስ ለመፈረም ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረባት። ሊዮል የውኃ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የታጠበውን ብርጭቆ ደግሞ ደጋግሞ ያጥብ ነበር።

በማግስቱ ዓለምጌጥ ጋሽ ታፈሰ ቤት ሄደች። ጋራዡ ውስጥ የእድሩን ተጣጣፊ ወንበሮች በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘቻቸው። መኪና ውስጥ ሳለች ስትለማመደው የመጣችውን ቀድማ አፈሰሰችው።

«ጋሼ፣ ከደብዳቤው በፊት እኔን ይጻፉኝ። የእድሩን ባንዲራ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለት ነው፤ ጀርባ ለጀርባ ሰፍቼዋለሁ። ስድስት ዓመት ሁላችሁንም አታልያለሁ።»

ጋሽ ታፈሰ መወልወላቸውን አላቆሙም። «ሁለት መሆኑን መቼ አጣሁት» አሉ። «ስንት ባንዲራ ተሸክሜአለሁ መሰለሽ? የመጀመሪያው ቀን ሳጥኑ ላይ ሳስተካክለው ክብደቱ ነገረኝ።»

ዓለምጌጥ አንዱን ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች። «ካወቁ ለምን የቆረጠ ብለው ጻፉ?»

ጨርቁን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት።

«ለመቅበር የተቆረጠና ለማዋረድ የተቃጠለ አንድ አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

«ማን ነው የሚለየው፣ ጋሼ? እርስዎ? እኔን ስለሚወዱኝ ለዩልኝ። እሱንስ?»

እጃቸውን ዘረጉ። «ደብዳቤውን ስጪኝ።»

የይቅርታ ደብዳቤ ነበር የጠበቁት። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ጊዜ አነበቡ፣ ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን ወጥተው ደግመው አነበቡ። ፊርማው ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። እድሩ ሲመሠረት በመጀመሪያው መዝገብ ላይ የጋሽ ታፈሰ ስም አንደኛ፣ የወለተጊዮርጊስ ሦስተኛ ነው። ሚስታቸው የሞተች ጊዜ አርባውን ቀን ሙሉ ማታ ማታ እየመጣች ከኤልዳና ጋር የተኛችው እሷ ናት።

«ከሞት አልጋዋ ላይ ሆና» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እንደ ሊቀመንበር መናገር ጀመሩ።

«ለቅቄያለሁ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ራሱ የለቀቀ ሰው አይሰናበትም። የለቀቀን ማባረር የሚል አንቀጽ የለንም።»

«እሺ» አለች ዓለምጌጥ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይገባት።

«መልቀቂያ ደግሞ የሚጸናው በመደበኛው ጉባኤ ሲጸድቅ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አስቸኳይ ጉባኤ መልቀቂያ አያጸድቅም። መደበኛው ጉባኤ ታኅሣሥ ነው።»

«ጋሼ፣ ወለተጊዮርጊስ ታኅሣሥን አታያትም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እስከዚያ አባል ናት።»

ዓለምጌጥ ዘላ ልትስማቸው ነበር፤ ጋሽ ታፈሰ ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

«ልጁን ይቅር አላልኩትም። ያን እንዳትጽፊ። አልፈረመም ብለሽ ጻፊ። መልቀቂያ ቀርቧል፣ ለታኅሣሥ ተይዟል ብለሽ ጻፊ። ስለ አንቀጽ ዐሥራ አራት...» ወንበሮቹን ተመለከቱ። «እሱንም ታኅሣሥ ላይ እናየዋለን። ገመቹ ይጮህበት።»

ወለተጊዮርጊስ ያረፈችው ጥቅምት በገባ በዘጠነኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ተጣለ። ድምፁን ለአንቀጹ የሰጠውም ያልሰጠውም መጣ፤ ሊዮልን አቅፎ የሳመው አለ፣ እጁን ብቻ ጨብጦ ያለፈ አለ፣ ዓይኑን ሳያይ የተቀመጠም አለ። ቢሆንም ተቀምጧል። ዓለምጌጥ ወንበር አልበቃ ብሎ ከኤልዳና ጋር ከጎረቤት ስትለምን ነው የዋለችው።

መካነ መቃብሩ ላይ ሳጥኑ ከመኪናው ሲወርድ ነጠላዋ ብቻ ነበር በላዩ። ስድስት ሰው ተሸከመ። ሊዮል ከፊት በቀኝ፣ ጋሽ ታፈሰ ከፊት በግራ ሆኑ፤ ሌላ ሰው ቦታውን ሊቀበላቸው ቢጠጋም አልሰጡም። ልጁ ረጅም ነው፣ ሽማግሌው አጭር፤ ሳጥኑ ወደ ሽማግሌው አዘነበለ። እንዲያ እንደሆነ ጥቂት ሄዱ። ባንዲራው ከተቃጠለባት ቅዳሜ ጀምሮ ሁለቱ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

«ትከሻህን ዝቅ አድርግ» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ወደ እኔ ሄዳለች።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ ሊዮል፣ ጉልበቱን ሰበር አደረገና ሳጥኑ ተስተካከለ።